በራሱ የማይጠፋ

ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን ጭጋጓን ተከናንባ፣
ብርዱ በበሩ ሥር ሳይጋበዝ ሲገባ፣
መስታየት በሹራብ ላይ ነጭ ጋዋን ደርባ
በመስታወት ቁራጭ ጠብታ አንጠባጥባ
ማሽኑን አሾረች። የመንዝ ሴት ሱፍ ስትፈትል
እንዝርቷ እንደሚሾር፣ ጠብታው ሲከተል
ተዘረጋ፣ ሳሳ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ እስኪቀል።

ሐምራዊዋን አምፖል ስታበራበት
አረንጓዴ ፈካ፤ የስንዴ ቡቃያ ጤዛ ያደረበት።

ሳምንት ግን አልቆየ፤
ማንም ሳይነካው ገረጣ፣ ገረጣ፣
አንድ ጠላት ሳያይ ዓይኑ ብርሃን አጣ።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ሰባ፣ ዐርባ፣ ዐሥር እያልኩ እጽፋለሁ።
"ብርሃን መቼም ያልፋል፤ ምን ያስቆጭሻል?" አልኳት።
ቀና ሳትል መለሰች፦
"ባሩድ ሲሸተው ነው እንዲጠፋ የምፈልገው፤
ያለ ምክንያት ከጠፋ ምስክርነቱን ማን ሊያምነው?
ገበሬው አንዴ ይሸሻል፤ ሁለቴም ይሸሻል፤
በሦስተኛው ይስቃል፤
ሦስተኛው ግን እውነት ይሆናል።"

ጥፋቱ መተቃቀፍ ነበር።
እኛ በአንድ ባና ሦስት ሆነን ሌሊቱን እንገፋለን፤
ሞለኪውል ግን ከሞለኪውል ደረት ለደረት ሲተኛ
ብርሃኑን ለጎኑ ሹክ ብሎ ያንቀላፋል።
ስለዚህ ለያንዳንዱ ክርን ሠራችለት፤
ጎረቤት ይሁን እንጂ ትከሻ እንዳይደገፍ፣
በመሃል ነፋስ እንዲያልፍ፣
የባሩድ ትነትም መግቢያ በር እንዲያገኝ።
ስምንት ወር ፈጀ። አምፖሏ ሁለቴ ተቃጠለች፤
መብራት የጠፋበትን ቀን አልቆጠርኩም።

መጋቢት ላይ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን።
ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ፣ አውቶቡሱ ሲጨልም፣
አምፖሏን ለኮሰች፤
የተሳፋሪው ፊት ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤
አንዲት ሕፃን ሳቀች።

ከታች ቆላው ጋለ፤ ፊልሙ አልገረጣም።
የአቶ ደምሰው ማሳ ሁለት ዓመት ማሾ አላየም፤
በሬው የረገጠው ነገር
ጉድጓዱ ዛሬም አልሞላም።
አምካኙ በጠረገው መንገድ፣ በጥቁር ጨርቅ ተከልለን፣
ስንዝር በስንዝር ሄድን።
ጠዋቱን ሙሉ ፈካ።
ከቁርቁራው አጠገብ ግን
ቀስ ብሎ፣ መርዶ እንደሚሰማ ሰው ፊት፣ ጠቆረ።

"ተበላሸ?" አለ ደምሰው።
መስታየት ሳትመልስ ወደ ኋላ ሳበችው፤
በንጹሕ ነፋስ ያዘችው፤
ሰዓቴን አየሁ፦
በዐርባ ሰከንድ ተመልሶ በራ።
መዝገቡ ላይ "ጠፋ" ያልኩትን ሰርዤ
"ተናገረ" ብዬ ጻፍኩ።
ደምሰው ዓይኑን ከቁርቁራው ሳይነቅል
ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን እንጨት ከእጄ ወሰደ፤
"እኔ ልትከለው" አለ፣
"በሬው የኔ ነበር።"