ላንድማርክ

አጅማን፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጬ፣
መጀመሪያ የለመድኩት ቃል ይኼው ነው፣ እንደ ማስቲካ አላምጬ፦
«ላንድማርክ?» እላለሁ። ቁጥሩን ማን ያውቃል፣ የመንገዱን ስም ማን ጠርቶ፤
ሰው እዚህ ቤቱን የሚያስረዳው የሰው ቤት ጠቁሞ ነው፣ የራሱን ትቶ።

«ከፋርማሲው ጀርባ።» «ከተዘጋው ባቃላ አጠገብ።»
«ዓሣው አደባባይ።» ዓሣው ከፈረሰ ሰባት ዓመቱ፣
የትራፊክ መብራት ተተክሎበታል፤ ስሙ ግን አልወጣም ከቤቱ።
ሾፌራችን ጉልዛር እስካሁን በሌለው ዓሣ ይታጠፋል፣
አንድ ቀን አልሳተም፤ የሌለም ነገር ለካ መንገድ ይመራል።

ሂሳብ ያዡ ኩንጁሞን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ቃሉ ድሮ ሕንፃ አልነበረም» አለኝ፣ «ድንጋይ ነበር» ብሎ።
«የእርሻ ወሰን። ያንተ እዚህ ያልቃል፣ የእኔ ከዚህ ይጀምራል።
ኋላ ነው መርከበኛው ከባሕር ያየውን ጉብታ እንዲህ ያለው፤
ዛሬማ ጋዜጣው ላይ ፍርድም ላንድማርክ ይባላል።»

ያንን ድንጋይማ አውቀዋለሁ! ሐርቡ፣ ከማሽላችን ዳር፣
አባቴ ከጋሽ ይመር ጋር ዘጠኝ ዓመት ችሎት የቆመበት፣ ለአንድ ክንድ አፈር።
ሌሊት ድንጋዩ ይሄዳል፤ ጠዋት አባቴ ይመልሰዋል፤
እግር የሌለው እንዲህ ሲጓዝ ያየ፣ የእኔ ዓረብ አገር መምጣት ምኑ ይደንቀዋል?
ፍርዱን ግን ላንድማርክ ያለው የለም። ቀጠሮ ነበር። ደግሞ ቀጠሮ።

ማክሰኞ አንዲት ልጅ ደወለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፦
«የልብስ ጉዳይ አይደለም እህቴ። ወንድሜ ሻርጃ ገብቷል፤ ዓርብ ይመጣል ወደ እኛ።
‹አድራሻሽ የት ነው?› ሲለኝ አፈርኩ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወሬ፣
ግንቡ ሁሉ አንድ መልክ፣ በሩ ሁሉ አንድ መልክ፤
ከኩሽናው መስኮት የማየው የጎረቤት ታንከር ነው፣ እስከ ዛሬ።
እናንተ ግን በየሳምንቱ ትመጣላችሁ።
ቤታችንን ምን ትሉታላችሁ?»

መዝገቡን ገለጥኩ። የመዳም ዓፍራ ቤት።
አምስት ካንዱራ፣ ሦስት አባያ፣ የሳሎን መጋረጃ።
ላንድማርክ ከሚለው ሥር፣ በጉልዛር የተንጋደደ ጽሕፈት፦
«ረጅሟ ሐበሻ ቢጫ ባልዲ ይዛ የምትቆምበት በር።»

«አገኘሽው?» አለች። «ምን ይላል? መስጊድ ነው? ፋርማሲ ነው?»
ጣቴን ከመስመሩ ላይ አላነሳሁም።
«ባልዲሽ ቢጫ ነው?» አልኳት።
«አዎ» አለች። ቆየች። «አንቺ በምን አወቅሽ?»