ሰማያዊው ሽቦ

ሌሊት ነው፥ ብራንደን፤ ብርዱ ብረት ይልሳል፤
የጋርኔት መኪና ከጋራዡ ደርሷል።
ተሳቢውን እዩት፥ ጎኑን አስጊጦታል፤
አርባ ቀይ አምፖሎች ደርድሮ ሰቅሎበታል።
«ጤነኛ ነው» አለ፤ «ዘይት ብቻ ቀይሪ፤
ቢጫዋ የፍሬን መብራት ጠፍታለች፥ አትጠርጥሪ።»

ኦሪሲያ ግን ዝም ያለ ነገር አታምንም።
አባቷ «ደህና ነኝ» ሲል ከረመ፥ ጸደይን አላየም።
«ቁልፉን አዙር» አለችኝ።
አዞርሁ።
ቢጫዋ መብራት ከመሪው ፊት አንዴ ብልጭ ብላ
ሰላምታ መስጠት ነበረባት፤
አልሰጠችም።

እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ባትሪ ያዥ፥ ብሎን ለቃሚ፤
እሷ ስትናገር ከጎማው ሥር ቆሜ ሰሚ።
«ይህ ሰማያዊ ሽቦ» አለች፥ «የፍሬኑ አንጎል ጉሮሮ ነው፤
አሥራ ሁለት ቮልት እራቱን የሚውጥበት ይህ ነው።
ከራስጌ እስከ ግርጌ ሰባት መስመር ብቻ፤
ሰባቱም ሥራ ይዟል፥ የለም ትርፍ መዳረሻ።
ለወሬ የሚሆን ስምንተኛ ስለሌለ
ተሳቢው በዚያው በእራቱ መንገድ ቃል መላክ ቻለ።
እናት ‹ጎርሰህ አታውራ› ትላለች አይደል?
ይሄኛው ጎርሶ ነው የሚያወራው፥ ያለ በደል።»

ድምፁ ቀጭን ነው፥ ከትንኝ ክንፍ የሚያንስ፤
በኃይሉ ጅረት ጀርባ እንደ ነፋስ ዱካ የሚደርስ።

መሣሪያዋን ሰካች። ስክሪኑን ጭጋግ ሞላው፤
ቃል ፈልገን አጣን፥ የንብ መንጋ ነው የወረረው።
«አምፖሎቹን ከየት ሳብካቸው?»
«ከሰማያዊው፤ ቅርብ ስለነበረ።»
ርካሽ መቀየሪያቸው ለካ ሌት ተቀን
እንደ እንቁራሪት ሲያንቋርር ኖረ።

ቆረጠችው።
አርባው ቀይ ባንዴ ድርግም አለ።
ቢጫዋ በራች።

«ደህና መጥቼ አሳመምሽኝ!» ብሎ ጋርኔት ጮኸ።
«እኔ አይደለሁም» አለች፤ «ይሄ ሲጮህ የከረመ ነው፤
ገበያ መሃል ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ነው፤
ጆሮ ያጣው በጌጥህ ነው።»

ከሥር ገባሁ። በረዶው ማጅራቴ ላይ ቀለጠ።
በሦስተኛው አክስል፥ በቀኝ ጎማ በኩል፥
ሴንሰሩ ከቦታው አፈንግጧል፤
የክብሪት ራስ ታህል፥ ከዚያ አትበልጥም።
በመዳፌ ገፋሁት። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርን።
ቢጫዋ ጠፋች።

እንግዲህ እንደ አመሻሹ ነው፥ ጨለማዋ ያው ጨለማ፤
ግን ያኔ ጩኸት ነበር፥ የማይሰማ፤
አሁን የሚባል የለም።
ሁለቱን ዝምታ በዓይኑ የሚለይ ሰው
እስካሁን አላጋጠመኝም።

አምፖሎቹን ከቡናማው መስመር አስራ መለሰችለት፤
«እዚህ ያንቋርሩ» አለች፥ «የሚያቋርጡት ጨዋታ በሌለበት።»
ጋርኔት ከፈለ፥ አላመሰገነም፥ ወጣ።
በሩን ልዘጋ ስል አየሁት፤
ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን እንደገና አዞረ፤
ብልጭ።
ደግሞ አጥፍቶ አዞረ፤
ብልጭ።