ናሙና አርባ ሰባት

ከክዳኑ በላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«አርባ ሰባት» ብዬ ጻፍኩበት፤ ስም የለም።
ስም አይጻፍም እዚህ፤ ሕጉ ነው የጥናት፤
ከሰው የሚደርሰን ቁጥር ነው፣ አንጀት።

እኔ ግን አውቃለሁ። ተማም አባ ጨብሳ፣
የሒርማታ ልብስ ሰፊ፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ።
የመኪናው መርፌ ጣቱን በሳውና
መግል ቢቋጥርበት፣ ቢነሳው ጤና፣
እንክብል ገዝቶ ዋጠ በየማታው፤
ጣቱስ ዳነ። ሆዱ ነው የከዳው።
በቀን አሥራ አምስቴ ከሱቅ ወደ ጓሮ፤
የራሱን ሱሪ ሲያጠብ ከረመ ዘንድሮ።

«ባለፉት ሦስት ወራት የወሰዱት መድኃኒት?»
ይላል መጠይቁ፣ ተራ ቁጥር ስድስት።
«ምንም» አለኝ ተማም፣ «መድኃኒት አልወድም።»
ከዚያ ከሰደርያው፣ ሳይጨንቀው ምንም፣
ከግማሹ የተቆረጠ ማሸጊያ አወጣልኝ፤
አራት ቀይና ቢጫ። በኩራት አሳየኝ።
«ይቺ እኮ አሞክሳ ናት፤ መድኃኒት አይደለች።
ለሚስቴ ጥርስ ሆናለች፣ ለጆሮም ሆናለች፤
ጉሮሮ ሲከረክር አንድ ነው የምጎርሳት፣
ጎረቤት ሲቸገር ቆንጥሬ የማካፍላት።»
ተቀበልኩት። ጋዎኔ ኪስ ከተትኩት።

«ሆድህ» አልኩት፣ በሱው ሙያ ገብቼ፣
«ጨርቅ ነው፤ ድርና ማጉን ላሳይህ ፈትቼ።
ዓይን የማያያቸው ሺህ ጊዜ ሺህ ነፍሳት
ከጡት ጀምረው የሸመኑት፣ ያለ ቀን ሂሳብ፣ ያለ ዕረፍት።
መቀሱ የገባው አንድ ቋጠሮ ሊፈታ፤
ያገኘውን ሁሉ ቆረጠው ባንዳፍታ።
በተቀደደው በኩል ብል ገባ። እንቁላሏ ጠጣር፣
አልኮል አይነካው፣ በሳሙናና ውኃ ታጥቦ ካልሄደ በቀር።»

ተማም ብል ያውቃል። ዝም አለ።
«ብል» አለኝ ቆይቶ፣ «ሱፍ ነበር የምትወድ።»

ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሄደ።
ይህ ፍጥረት አየር ጠል ነው፤ በታሸገ ማሰሮ፣
በሠላሳ ሰባት ሙቀት ነው የሚያድገው ታጥሮ።
ማሞቂያው እየበረደ ነው።
አየር የሚመጥ ከረጢት የመጨረሻዬን ተጠቅሜያለሁ፤
ሌላው ከአዲስ አበባ «ተልኳል» ከተባለ ወር ሆኖታል።
ማሰሮውን በጋቢ ጠቀለልኩት፤
ሆዴ ላይ አቀፍኩት።
ሠላሳ ሰባት ነው የሰውም ገላ።
አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ እየሰማሁ
እስኪነጋ ተቀመጥኩ፣ ሆድ ለሆድ፣
የተማም ሕመም በእኔ ሙቀት።
መመሪያው አይፈቅድም። ለአለቃዬም አልነገርኩ፤
ሆድ ይፍጀው።

በሦስተኛው ቀን ስከፍተው
የጋሪ ፈረስ በረት ሸተተኝ። በቅሏል ማለት ነው።
እልል ልል ነበር፣ ብቻዬን፣ አፍንጫዬን ይዤ፤
ከዚያ አፈርኩ።
የእሱን አንጀት የበላው
የእኔን አንጀት አራሰው።
ለዚህ ሠንጠረዡ ዓምድ የለውም።

ወር አልፎ መጣ። ሱሪውን መልሶ ለቆታል፤
ለጎረቤቱም የብሏን ወሬ አዳርሷል፤
«ግማሹ አመነኝ» አለ፣ «ግማሹ ሳቀብኝ።»
ከዚያ ዓይኑ ጋዎኔ ላይ አረፈ፤ የልብስ ሰፊ ዓይን።
ኪሴ ከስፌቱ ለቋል።
«አውልቂው።»
ሳወልቀው፣ በቀዳዳው ሾልኮ
ማሸጊያው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።
አራት ነበሩ ሲሰጠኝ።
ሁለት ናቸው።

«ኢንተላ ኮ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው፣
«ጉሮሮሽን ከረከረሽ እንዴ?»

መጠይቁን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፤
ተራ ቁጥር ስድስት።
ተማም መልስ አልጠበቀም። ጠባሳ ባለው ጣቱ
ክሩን አሾለና
በመርፌው ዓይን አሳለፈው።