ደጅ የሚያድር

ግንፍሌ ካለው ግቢ፣ ከኮኩ ዛፍ ጥላ፣
ወንበር ላኖር ፈለግሁ
የሐዘኑ ድንኳን ከተነሣ ኋላ።

ቀላል መስሎኝ ነበር።

እንጨት ቤት ገባሁኝ። ሻጩ ለስለስ ብሎ፣
"ጽድ ነው፣ ምስጥ አይደፍረው" አለኝ፣ መዳፉን ላዩ ጥሎ።
"ብቻ በዓመት ሁለቴ ቫርኒሽ ይቀቡታል፣
በጋ ሲከርርበት ዘይት ያጠጡታል፣
ክረምቱ ሲገባ ከቤት ያስገቡታል።"

ይቀቡታል፣
ያጠጡታል፣
ያስገቡታል።
ይህን ዜማ አውቀዋለሁ።
አሥራደውን አራት ዓመት እንዲህ አኑሬዋለሁ፤
ጀርባውን ቀብቼ፣ በማንኪያ አጠጥቼ፣
ፀሐይ ካሞቅሁት በኋላ በክንዴ አስገብቼ።
አሁን ግን፣ የኔ ልጅ፣ ማስታመም ይበቃኛል፤
ለራሴም ለመነሣት ጉልበቴ ይለግመኛል።

ፕላስቲኩን አየሁ። ነጭ ነው፣ ርካሽ ነው፣
የእድሩ ወንድም ነው፣
በጀርባው ላይ ቁጥር በቀይ የተጻፈው።
ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬበታለሁ፤
እግሩ እየተከፈተ
አንድ ወፍራም ለቀስተኛ ይዞ ሲወድቅ አይቻለሁ።
(ሳቅሁ ያን ቀን። ማንም አላየኝም።)
ደግሞም የሚያዝያ ፀሐይ አመድ ያስመስለዋል፣
ነፋስ የተነሣ ለት አጥር ዘሎ ያድራል።

ልጄ ትርሲት ከስልኳ ላይ
ትራስ የለበሰ የግቢ ሶፋ አሳየችኝ።
"ዝናብ ሲመጣስ?"
"ትራሱን ታነሺያለሽ..."
ተያየን።
ስልኩን ዘጋችው።

ኋላ ምናለሽ ተራ፣ ብረት በብረት ላይ ሲጮህ፣
ሙዘሚል የሚሉት በያጅ ዘንድ ደረስሁ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
"እናቴ፣ ቱቦው ወፍራም ይሁን" አለ፣
"እግሩ ላይ ቀዳዳ፣ ውሃ እንዳይተኛበት፣
መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣
ከዚያ ቀለም ሁለት እጅ፤
አሥር ዓመት አይነኩትም፣ ይደር እንጂ ደጅ።
ስንት ሰው ይቀመጥበት?"

ስንት ሰው።
ሜትሩን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።
አንድ ብዬ ልጥራው? አፌ እምቢ ይለኛል።
ሁለት ብል ውሸት ነው።
ትርሲት እሑድ እሑድ፣ ያውም ታክሲ ካገኘች፤
የወይዘሮ ሙልዬ ድመት፣ ደስ ካላት፣ ከወደደች...

"ሁለት ተኩል" አልሁት።
አልሳቀም።
ጠመኔ አወጣና ብረቱን ምልክት አደረገበት።

መጣ፣ በሚኒባስ ጣሪያ፣ በገመድ ታስሮ።
ኮኩ ሥር አቆሙት ሁለት ጎረምሶች፤
እግሩ ጭቃ እንዳይነካ
አራት ስባሪ ሸክላ አነጠፍሁለት ቆፍሬ አፈሩን።
ይኸው ነው፣ አልሁ። ከእንግዲህ አልነካውም።

ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሌሊት፣ በረዶ ጣለ።
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ነቃሁ።
ብረት ነው፣ አልሁ። ተገላበጥሁ።
አሥር ዓመት፣ አልሁ። ብርድ ልብሴን ሳብሁ።
ቀለም ሁለት እጅ፣
እግሩም ቀዳዳ አለው...

ከዚያ ተነሣሁ፤
ለማንም ያልሰጠሁትን የአሥራደውን የዝናብ ካፖርት
ከመስማሩ አውርጄ
በባዶ እግሬ ወጣሁ።