የጉልበት ፕላስተር

ቦሌ አራብሳ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ከመስኮታችን ማዶ የሰው መስኮት የሚታይ።
ገብተን ባደርንባት የመጀመሪያ ሌት
መጋረጃ አልነበረን፤ ብርድ ልብስ ሰቀልንበት።
ምስማሩን የመታው ባሌ ደባልቄ
«በቃ፣ ቤት ይፍጀው!» አለ። አመንኩት፣ ስቄ።

ላፕቶፑ ኋላ ነው በዕቁብ ብር የመጣ፤
ያገለገለ ነው፣ አንድ ጥርሱ የወጣ፣
ቁልፉን ማለቴ ነው፣ የ«ም»ን ፊደል ቦታ፤
«ሰላም» ብዬ ስጽፍ «ሰላ» ነው ሰላምታ።
የሱቆች ሒሳብ እሠራበታለሁ ማታ ማታ፣
ልጅ ሲተኛ፣ የሰፈሩ ውሻ ጩኸቱን ሲገታ።

ከስክሪኑ አናት፣ ከጥቁሩ ክፈፍ መሀል፣
አንዲት ዓይን አለች፣ ምስር የምታህል።
ሽፋሽፍት የላት፣ የማትርገበገብ፣
አንድ ቀን እንኳን አላልኳትም ልብ።
በእሷ ፊት ቀሚሴን ስንት ጊዜ ቀየርኩ፤
በእሷ ፊት የዕዳውን ብር ስንት ጊዜ ቆጠርኩ፤
ከደባልቄ ጋር ተጣልተን ያልኩትን ሁሉ ያልኩ
በእሷ ፊት ነበር።
(እሱ ያለኝንስ፣ ልተወው።)

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
ውኃ መጣ መሰል፣ የቧንቧው ሳል ሲሰማ፣
ልብስም ሳልደርብ ባዶ ጄሪካን ይዤ ስወጣ
ከጠረጴዛው በኩል አረንጓዴ ብርሃን መጣ።
ማንም አልነካው፤ ማንም ሰው አልደወለ።
ከዓይኗ ጎን አንድ ነጥብ
በራ፤
ቆየ፤
ከሰለ።
ቢጫውን ጄሪካን አቀፍኩት ደረቴ ላይ፣
ነጠላ ይመስል፣ እንዳልታይ።
ቧንቧው እያንጎራጎረ፣ ውኃው በከንቱ ሲፈስ፣
ቆምኩኝ፤ አልደፈርኩም ልራመድ፣ አልደፈርኩም ልመለስ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ብለው አሳድገውኛል፤
ለጆሮ ማንሾካሾክ አውቃለሁ፤ ይበቃኛል።
ዓይንንስ? ዓይንንስ ማን በሹክሹክታ ያመልጠዋል?

ሲነጋ ወረድኩኝ ከብሎካችን ሥር፣
ቃለአብ ጋ፣ ኮንቴነር ውስጥ ስልክ ሲጠግን ከሚያድር።
ነካካው፣ አጸዳው፣ የይለፍ ቃል አስቀየረኝ፤
«ቫይረስም ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ፤
«እኔ እምልሽ ግን፣ እህቴ፣ ሸፍኚው በቃ።»
የራሱን አሳየኝ፦ የሎተሪ ቁራጭ፣ ያልወጣለት ዕጣ።

ቤት ገብቼ ፈለግኩ። የተገኘው ከመሳቢያ
የምንተስኖት ፕላስተር ነው፣ የጉልበቱ ማሸጊያ፣
ቦዩ ጋ የወደቀ ጊዜ የተረፈ።
በመቀስ ቆረጥኩት፣ የትንሿን ጣት ጥፍር አስመስዬ፤
ለጠፍኩት፤ እጄን ታጠብኩ፤ ተቀመጥኩ፣ እፎይ ብዬ።

«እማዬ፣ ዓይኑን ምን ሆኖ ነው?»
«አሞት ነው።»
«ወድቆ?»
«አዎ፣ ወድቆ።»
ጠጋ ብሎ እፍ አለበት፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ ተጠንቅቆ።

ሦስት ቀን ሆነው። ዛሬ ልብስ አስጥቼ ስመለስ
ብርድ ልብሱ እዚያው ነው፣ ምስማሩም አልተነቀለም፤
ምንተስኖት ግን ወንበር ላይ ቆሟል፤
የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ይዞ
እንዳያመው ቀስ እያለ ይልጣል፣
እኔ ለእሱ እንደማደርገው።
ከሥር አየ። ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቦግ አለ፦

«እማዬ፣ ድኗል!
ያየኛል።»