ፋሲካ፣ ቦዬ ዳር

ሰዓት እላፊ ስላለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደ፤
በነጠላ ተጠቅልለን፣ ቅጽሩ ውስጥ ተኮልኩለን፣ ሌሊቱ እዚያው ነጎደ።
ጧፋችን አልቆ፣
የአንዱ ሕፃን እንቅልፍ በማያውቀው ሰው ትከሻ ወድቆ፣
ካህኑ ራሳቸው ስልካቸውን በቀሚሳቸው ሥር ሲያዩ አየሁ፤
እኔው ሰርቄ እንደ ተያዝሁ ሁሉ፣ ዓይኔን ወደ መሬት መለስሁ።

ሲነጋ ዝናብ ነበር። የጅማ ዝናብ በዓል አያውቅም፤
እንደ ዘመድ ይገባል፣ እንደ ዘመድ ቶሎ አይለቅም።
ድልድዩን ስንሻገር አዌቱ ጭቃ ጠጥቶ ወፍሯል፤
ባጃጆቹ ተደርድረዋል፣ ሹፌር የለም፣ መንገዱ ጭጭ ብሏል።
"እንኳን አደረሳችሁ" ይላል ያገኘነው ሁሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
የታመመ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚሰጋ ይመስል፣ ግማሹን ሸሽጎ።

ቤት ስንደርስ አስካለ ትንሿን ሬዲዮ አነሣች፤
ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈች።
"ስልካችሁንም አምጡ" አለች።
"ዛሬ አንድ ቀን ወሬ እንጹም።"
ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ጾመን፣ በፍቺው ቀን ሌላ ጾም!
ሶስና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
ስልክ ሰጠኋት፤ ግን አሮጌውን፣
ባትሪው ያበጠውን፣
ከጠፋ ዓመት ያለፈውን።

እንዳሻው መንገድ ላይ ነው። በአይሱዙ፣ ሲሚንቶ ጭኖ።
በደሌን አለፍሁ ያለን ማክሰኞ፣ በሳቅ፣ አፉ ዳቦ ይዞ።
መንገዱ ተዘጋ የተባለው በጸሎተ ሐሙስ፣
ጉልባኑን ስንቀምስ።
ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ብቻ ናት የምትመልስልኝ፣
"የደወሉላቸው ደንበኛ..." እያለች የምታዜምልኝ፣
በለስላሳ ድምፅ፣ ሳትሰለች፣ ልጄን የምትከለክለኝ።

ማዕዱ አልጎደለም። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት፣
ዕንቁላሉ ግን አራት።
እኛ ሦስት ነን። ማንም አልጠየቃት።
አስካለ አጎረሰችን። ራሷ አልገደፈችም።
"ጨጓራዬን" አለች።
ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ጨጓራዋን ታማ አታውቅም።

ከቀትር በኋላ ሲያባራ፣ አባ ዲጋ በሩን አንኳኳ፣
ለኢድ የላክንለትን ሳህን ይዞ፣ ማር ሞልቶ፣ እንዳይነካካ
በኮባ ቅጠል ሸፍኖ። "ሳህን ባዶውን አይመለስም" አለ፤
"ግድግዳ ከምትሰሙ፣ ተነሡ፣ ቦዬ ውሃ አለ።"
የእህቱ ልጅ በዚያው መንገድ ረዳት ነው።
እኔ አልጠየቅሁትም። እሱም ዝም ነው።

ደንገሉ ቁመታችንን በልጧል፤ ረግረጉ ጫማ ይስባል።
ሶስና የራሷን ቄጤማ ፈትታ ጣለች፤ ቀለበቱ ይንሳፈፋል።
ጉማሬው ብቅ አለ፤ አፍንጫውና ጆሮው ብቻ፤
እፍፍ አለ፣ ውሃ ረጨ፤
ከዚያ የለም። ክብ ክብ ማዕበል ብቻ።

"እስኪወጣ ልቁጠር" አለች። "አንድ፣ ሁለት..."
አባ ዲጋ በኦሮምኛ ተከተላት፦ "ቶኮ፣ ለማ..." እየሳቀ አገዛት።
እጄን ኪሴ ከተትሁ። ደህናው ስልክ እዚያ ነው፣
ከመዳሰስ ብዛት የሞቀው።
ቀና ስል አስካለ እያየችኝ ነው።
እኔም አየኋት፦ ከሻሿ ሥር፣ በጆሮዋ በኩል፣
ቀጭን ጥቁር ሽቦ ወደ ደረቷ ይወርዳል።
የቁልፉ ባለቤት እሷ አይደለችም?
ሁለት ጾም ገዳፊዎች። እሷም አላፈረችም።

"ሰማንያ... ሰማንያ አንድ... አባ ዲጋ፣ ሞተ እንዴ?"
"ውሃ ሥር የገባ ሁሉ ይሞታል እንዴ?
ቁጠሪ።"
የአስካለ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እሷም ትቆጥራለች።
ከጉማሬው ጋር ይሁን፣ ከሐሙስ ጀምራ፣ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋት።

ሲወጣ ሳናየው ሰዓታችን ደረሰ።
በአንዲት ባጃጅ ታጭቀን፣ ዝናቡም ተመለሰ፤
ሶስና ጉልበቴ ላይ፣ ሦስት መቶ አልፋ፣ አላቆመችም።
አራተኛው ዕንቁላል እንዳለ ነው።
አስካለ ክዳን ደፋችበት።
አልገደፈችም።