ደቻቱ የመጣ ለት

ድሬ ላይ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶበታል፤
ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት ያቃስታል፤
ደቻቱ አሸዋ ነው፣ ፍየል ተኝቶበታል።
ደንገጎ አናቱ ላይ ግን ዳመና ይማከራል፤
እኛ ሳንረጥብ እዚያ ማዶ ይዘንባል፤
የእኛ ሰፈር ውሃ እንዲህ ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል።

እኔ በጨለማ በጣቴ እቆጥራለሁ፦
ሃያ ሰባት ዩኒፎርም፣ ለሰኞ ቀጠሮ፣
የማታው ሥራ ቀርቶ፣ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ተቆጥሮ፣
የእቁቡ ጸሐፊ ደውሎ፣ አኩርፎ፣ ዝም ብሎ አድሮ፣
የትንሿ ሳል ደግሞ ወደ ሌሊት ጠንክሮ፣
ኪራዩ እንደ ልማዱ በየመንፈቁ ጨምሮ።

«አባታችን ሆይ» ብዬ በቀስታ ተነሣሁ፤
«የዕለት እንጀራችንን» ስል መንገዱን ረሳሁ።
እንጀራ ወደ ጤፍ፣ ጤፉ ወደ ዋጋው፣
ዋጋው ወደ ሰኞ፣ ገና ወዳልነጋው፤
ሁሌም እንዲህ ነኝ። ከጸሎት መሐል ሹልክ ብዬ ወጥቼ
ቀፊራ እገኛለሁ፣ አሜኔን ረስቼ።

በሩ ተደበደበ። ዘሃራ ናት፣ ጎረቤቴ፦
«አቦ ተነሺ እንጂ! ደቻቱ መጥቷል፣ አይሰማሽም?»
ያኔ ሰማሁት፤
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲያወራ፣
እንደ ድሮው የጭነት ባቡር፣
ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያ ከእግሬ ሥር።

ትንሿን አዘልኳት። ኢዮስያስ የስልኩን መብራት ያዘ።
ከዚያስ?
ከዚያማ ሲንጀሩን! ራሱን ከእግሩ ፈትቼ አቀፍኩት፤
ብረት ነው፣ ክንዴን ቆረጠኝ።
መድኃኔ ዓለም ከግድግዳው ያየኛል፣ ከነእሾህ አክሊሉ፤
ዓይኑን ሸሽቼ ወጣሁ።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከፍታው ላይ ቆምን፤
ዘሃራ ፍየሏን በገመድ፣ ቁርኣኗን በብብቷ፤
እኔ ብረቴን።
«ጌታዬ» አልኩ በሆዴ፣ «ይኸው አየኸኝ፤
አንተን ምስማር ላይ ትቼ ሲንጀር ተሸከምኩኝ።»

አልተቆጣኝም። አልመለሰልኝምም።
ጎርፉ ከታች ያጓራል፤
ትንሿ ጀርባዬ ላይ ታንኮራፋለች፣
እጇ አንገቴ ላይ ላልቶ፣ ሳሏም ጋብ ብሎላት።
ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም።
«እናቴ ትወድቅብኝ ይሆን» ብላ
እኔን ልትሸከም አልሞከረችም።

ሳቅ አመለጠኝ፤ ዘሃራ ደንግጣ ዞረች፣
«ምነው፣ ጤነኛ ነሽ?» አለች።

የሚሸከሙህ አይደለህም እኮ አንተ!
እኔ ግን ስንት ዓመት እንደ ውሃ ጀሪካን
ተሸክሜህ ዳገት ስወጣ፣
እንዳትፈስብኝ ስጠነቀቅ፣
ድካሜን እምነት እያልኩ ስጠራ።

ዓርብ ነጋ።
ውሃው ደጃፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፣
ግን ከዩኒፎርሞቹ አራቱን ጭቃ በልቷቸዋል።
የእነጋሽ አስናቀ ግድግዳ ሄዷል፤
ስለዚህ «እኔን አዳነኝ» ለማለት
አፌ አልደፈረም።
አካፋ ይዤ ወረድኩ፣ እስከ ቀትር ጭቃ ዛቅን፤
ጋሽ አስናቀ አንድ ጫማውን አገኘ፣ ታጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤
ሌላው የት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም።

ከሰዓት ሲንጀሩን ከእግሩ ገጠምኩት፤
ጠብታ ዘይት፣ አዲስ መርፌ ሰጠሁት።
መብራት አልመጣም። ጸሐፊው እንደገና ደወለ፤
«ቅዳሜ» አልኩት፣ «ካልሆነም እነግርሃለሁ»፤ ሳል አለና እሺ አለ።
ሐሳቤ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽም፤
ሰኞ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
«ቆይ» አልኩት፣ «ተራህ ሲደርስ ትገባለህ።»

እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ፤
«ስጠን» አልኩ መርፌው ሲወርድ፣
«ዛሬ» አልኩ ሲወጣ።
«ስጠን»፤ «ዛሬ»፤
እስከ ኮሌታው ጫፍ።